በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያለን የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ጦር መኮንን ከትከሻው፣ ከልብሱና ከኒሻኑ ማንበብ

በሐረርና በድሬዳዋ አሮጌ ቤቶች የሣጥን ታች ሲፈተሽ፣ ከጋብቻ ውልና ከምድር ባቡር የደመወዝ ደረሰኝ መካከል አልፎ አልፎ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የውጭ አገር መኮንን ጉርድ ፎቶግራፍ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር አንድ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ እጄ ገባ። የቤቱ እመቤት በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አምጥተውልኝ «የሩሲያው ጄኔራል ይህ ነው፤ ለአያቴ አባት በጥምቀት ቀን በእጁ የሰጠው ነው፤ እስቲ ማን እንደሆነ እይልኝ ልጄ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያሰፈርኩት ያን ፎቶግራፍ ለማንበብ የሄድኩበት መንገድ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ፎቶግራፍ በእጁ ላለ ሰው ሁሉ እንዲያገለግል አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመታት፣ በግልጽ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሩሲያ መኮንን ፎቶግራፍ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መንገዱ ከጅቡቲ በሐረር በኩል ነበር፤ ባቡሩ በ1902 ደርሶ ድሬዳዋ እስክትቆረቆር ድረስ እንግዳ ሁሉ የሚያርፈው ሐረር ነበር። ከዚያ ቡድን ጋር የመጣው የሁሳር፣ ማለትም የቀላል ፈረሰኛ፣ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በጅቡቲና በሐረር መካከል ያለውን በረሃ በግመል አራት ቀን ሳይሞላው አቋርጧል። በ1898 ደግሞ በቭላሶቭ የሚመራው የሩሲያ መልእክተኛ ቡድን ከኮሳክ አጃቢዎቹ ጋር አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ጋር እስከ ነጭ ዓባይ ዘልቋል። ከ1917ቱ አብዮት በኋላም አገራቸውን ጥለው የወጡ የቀድሞ መኮንኖች፣ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ወደ አገራችን መጥተው ኖረዋል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ፎቶግራፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ ማስታወሻ፣ አለበለዚያም የስደተኛ ቅርስ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ልብሱ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ንባቡን ከፊቱ አትጀምሩ፤ ከቤተሰቡ ወግም አትጀምሩ። ፊቱ የቆፍጣና ሰው ከሆነ ጄኔራል ይመስላችኋል፤ ወጉ ጄኔራል ካለ ደግሞ ዓይናችሁ ጄኔራል ፍለጋ ይሄዳል። ንባቡ ከትከሻ ይጀመራል፤ ከትከሻ ወደ ልብሱ አሰፋፍ፣ ከአሰፋፉ ወደ አንገትና ደረት፣ መጨረሻ ላይ ወደ ካርቶኑ ጀርባ ይሄዳል። ይህን ቅደም ተከተል የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ትከሻው ማዕረጉን ይነግራል፣ ማዕረጉ ከታወቀ ደረቱ ላይ ሊኖር የሚገባው ኒሻንና ሊኖር የማይችለው ይለያል፣ ደረቱ ላይ ካሉት ሽልማቶች በጣም ዘግይቶ የተመሠረተው ደግሞ ፎቶግራፉ ከየትኛው ዓመት ወዲህ እንደተነሣ ይወስናል።

ለመመልከት አጉሊ መነጽር፣ ጥላ ያለበት የመስኮት ብርሃንና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሉ። የድሬዳዋ ሙቀት የፎቶግራፉን ላይኛ ሽፋን ያደርቀዋል፤ የተጠማዘዘውን በእጅ ለማቃናት ከተሞከረ ይሰነጠቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገም ምስሉ ይላጣል። ስካነር ካገኛችሁ በኢንች 1200 ነጥብ አንሡት፤ በስልክ ከሆነም ትከሻውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ አንገቱን ለብቻ አቅርባችሁ አንሡ። ፎቶግራፍ የሚያጠሩና ቀለም የሚቀቡ የስልክ መተግበሪያዎችን ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙባቸው። እነዚህ መተግበሪያዎች ያልታየውን ከራሳቸው ይሞላሉ፦ የደበዘዘን መስቀል ክብ ሜዳይ ያደርጉታል፣ ሦስት ኮከብን አራት ያደርጋሉ፣ ጥቁሩን ጥብጣብ አረንጓዴ ይቀቡታል። እኔ ዘንድ ከመጡት ቅጂዎች አንዱ ላይ በትከሻው ያለው ኮከብ ወደ አበባ ተለውጦ አይቻለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ግራና ቀኝ ስል የመኮንኑን ግራና ቀኝ ማለቴ ነው፤ የእሱ ግራ ለተመልካቹ በቀኝ በኩል ይታያል።

ትከሻው

የሩሲያ መኮንን በትከሻው ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ያደርግ ነበር። አንደኛው ለክብረ በዓል የሚደረገው፣ ጫፉ ክብ የሆነውና በወርቀ ዘቦ ወይም በብር ዘቦ የተሠራው ኤፖሌት ነው። ሁለተኛው ሩሲያውያን ፖጎን የሚሉት፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ አንገት የሚደርሰው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ኤፖሌት ላይ ዘርፉን ተመልከቱ፦ ዘርፍ ከሌለው ከሻምበል ጀምሮ ወደ ታች ያለ መኮንን ነው፤ ቀጭን ዘርፍ ካለው ሻለቃ ወይም ኮሎኔል ነው፤ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ወፍራም ዘርፍ ካለው ጄኔራል ነው። ይህን ብቻ ማወቅ አብዛኛውን ክርክር ይዘጋል።

ፖጎኑ የበለጠ ይናገራል። በዘቦው መካከል ርዝመቱን ይዞ የሚወርድ ቀጭን ባለቀለም መስመር አለ። አንድ መስመር ከሆነ የበታች መኮንን ነው፤ ሁለት መስመር ከሆነ ከፍተኛ መኮንን ነው፤ መስመር ሳይኖረው ዘቦው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰበረ ንድፍ ካለው ጄኔራል ነው። ከዚያ ኮከቦቹ ይቆጠራሉ። በአንድ መስመር ላይ አንድ ኮከብ ፕራፖርሽቺክ፣ ሁለት ኮከብ ፖድፖሩቺክ፣ ሦስት ኮከብ ፖሩቺክ፣ አራት ኮከብ ደግሞ ከሻምበል አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ሽታብስ ካፒታን ነው። በሁለት መስመር ላይ ሦስት ኮከብ ሌተና ኮሎኔል ነው። በጄኔራሎቹ ንድፍ ላይ ሁለት ኮከብ ሜጀር ጄኔራል፣ ሦስት ኮከብ ሌተና ጄኔራል ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ቦታ አለ። በሐረር ጦር አካዳሚ የተማሩ ወይም በሠራዊቱ ያገለገሉ አባቶች «ኮከብ የሌለው ማዕረግ የሌለው ነው» ብለው ይፈርዳሉ፤ እኛ ባደግንበት ሥርዓት ኮከቡ ሲበዛ ማዕረጉ ይጨምራልና አይፈረድባቸውም። በሩሲያው ሥርዓት ግን የየደረጃው የመጨረሻው ሰው ኮከብ የለውም። አንድ መስመር ያለ ኮከብ ሙሉ ሻምበል ነው፤ ሁለት መስመር ያለ ኮከብ ሙሉ ኮሎኔል ነው፤ የጄኔራል ንድፍ ያለ ኮከብ ሙሉ ጄኔራል ነው። ባዶ ትከሻ የታየ እንደሆነ «ማዕረጉ ተነሥቶበት ነው» ከማለት በፊት መስመሮቹን ቁጠሩ።

ሁለት መስመርና ሁለት ኮከብ ካያችሁ የሻለቃ ማዕረግ ነው፤ ይህ ማዕረግ በ1884 ስለተሰረዘ ፎቶግራፉ ከዚያ በፊት የተነሣ መሆን አለበት። በፈረሰኛውና በኮሳኩ ጦር ምልክቱ ያው ሆኖ ስሙ ይለያል፤ የፈረሰኛው ሻምበል ሮትሚስትር፣ የኮሳኩ ኤሳውል ይባላል። የኮሳኩ ባለ ሦስት ኮከብ መኮንን ደግሞ ሶትኒክ ነው፤ ቃሉ መቶ ከሚለው የሩሲያ ቁጥር የመጣ ስለሆነ በቀጥታ የእኛ «መቶ አለቃ» ነው። በክብር ዘበኛው ውስጥ ሌተና ኮሎኔል የሚባል ማዕረግ ስላልነበረ፣ ሻምበሉ ሲሾም በቀጥታ ኮሎኔል ይሆናል። ፖጎኑ ላይ ቁጥር ከተቀመጠ የክፍለ ጦሩን ማንነት ለማወቅ ይረዳል፤ ከዘውድ በታች የተጠላለፉ ፊደላት ካሉ ክፍለ ጦሩ በስሙ የሚጠራበት ንጉሥ ወይም ልዑል፣ አለበለዚያም መኮንኑ በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የሚያገለግል መሆኑን ያሳያሉ። ከቀኝ ትከሻ ወደ ደረት የሚወርድ የተጎነጎነ ገመድ የረዳት መኮንን ወይም የጠቅላይ ኤታማዦር መኮንን ምልክት ነው። ሰሌዳው ከተለመደው የጠበበ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ተዋጊ ላይሆን ይችላል፤ ወታደራዊ ሐኪምና የጽሕፈት ሹም ጠባብ ፖጎን ያደርጉ ነበር። የቀይ መስቀሉ ቡድን በሐረር ያለፈ በመሆኑ ይህ ለእኛ አካባቢ ፎቶግራፎች የተለየ ጥቅም አለው።

ልብሱ

ወደ ከዚራው ፎቶግራፍ ልመለስ። መኮንኑ የለበሰው ጥቁር ኮት ደረቱ ላይ ተደራርቦ ይዘጋል፤ ግን አንድም ቁልፍ አይታይም። መጀመሪያ ፎቶግራፉ ደብዝዞ የጠፋብኝ መስሎኝ ነበር። አሳድጌ ያሳተምኩትን ቅጂ ይዤ ሐረር መኪና ግርግር ወደሚሠሩ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። የሚሰፉትን አቁመው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና፣ ጣታቸውን በመደራረቢያው ጠርዝ ላይ አስኬዱ። «ቁልፍ ቢኖረው እዚህ ጋ ጨርቁ ይሰበሰብ ነበር» አሉኝ፤ «ይህ ልሙጥ ነው የወረደው፤ ከውስጥ በመንጠቆ ነው የተያዘው።» የዘመኑ ጥያቄ በዚህ ተፈታ። በዳግማዊ አሌክሳንደር ልጅ፣ በሣልሳዊ አሌክሳንደር ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ደንብ ያጌጠውን ልብስ አስቀርቶ ቁልፍ የሌለው፣ በመንጠቆ የሚያያዝ ቀላል ኮት አመጣ፤ ዳግማዊ ኒኮላስ ደግሞ ከጃፓኑ ጦርነት በኋላ፣ ከ1907 ጀምሮ፣ ቁልፉንና ጌጡን መለሰው። ስለዚህ ቁልፍ አልባው የደንብ ኮት ፎቶግራፉን ወደ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ባለ ክልል ውስጥ ያስገባዋል።

ከዚህ ደንብ ጋር የሚሄድ ሌላ መለያ አለ። በደረቱ ላይ በአግድም የተደረደረ የገመድ ጥልፍ ያለው አጭር ኮት የሁሳር ልብስ ነው። በ1882 የመደበኛው ጦር ሁሳሮች ሁሉ ወደ ሌላ የፈረሰኛ ዓይነት፣ ወደ ድራጎንነት ተለውጠው እስከ 1907 ድረስ በዚያው ቆዩ፤ በእነዚህ ዓመታት የሁሳር ልብስ ለብሶ የቀረው የክብር ዘበኛው ሁሳር ብቻ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ ከ1907 በፊት፣ ወደ ሐረር የመጣ የሁሳር መኮንን ፎቶግራፍ ካጋጠማችሁ ከክብር ዘበኛው ነው ማለት ትችላላችሁ።

ረጅሙ፣ ወገቡ የጠበበው፣ በደረቱ ግራና ቀኝ እንደ ዝናር የጥይት ማስገቢያ የተደረደረበት ልብስ ቸርኬስካ ይባላል፤ የኩባንና የቴሬክ ኮሳኮች ልብስ ነው፤ ከፊት በወገብ ላይ ጩቤ ይታጠቁበታል። የዶን ኮሳክ ግን ቸርኬስካ አይለብስም። ቸርኬስካው የማስመሰያ ሊሆን ስለሚችል በላዩ ፖጎን መኖሩን ሳታዩ አትወስኑ፤ ፖጎን የሌለው ሰው ለፎቶግራፍ ብቻ የለበሰ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነጭ የበጋ ኮት ብቻውን ዘመን አይወስንም። ካኪው የጦር ሜዳ ልብስ ከ1907 ወዲህ፣ ትልልቅ ኪስ የተለጠፈበት ኮት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ስደተኞቹ ይዘውት የመጡት ፎቶግራፍ በብዛት ከዚህ ወገን ይሆናል።

አንገትና ደረት

አንድ የሩሲያ መኮንን ደረቱ ላይ በሚታዩ መስቀሎች የሚመዘነው በብዛታቸው ሳይሆን በቦታቸው ነው። መስቀሉ ደረት ላይ በትንሽ ጥብጣብ ከተንጠለጠለ ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ አንገት ላይ ከተንጠለጠለ መካከለኛው ነው፤ ከትከሻ ወደ ጎን የሚወርድ ሰፊ ድግና ደረት ላይ የተለጠፈ ትልቅ ኮከብ ካለ ከፍተኛው ነው። በደረት ላይ ያሉት በአንድ ረድፍ ሲቀመጡ ትልቁ ኒሻን ወደ ደረቱ መካከል ይቀርባል፤ ከእሱ ቀጥሎ ታናናሾቹ፣ ከዚያ ሜዳዮች፣ መጨረሻ ላይ በክንዱ በኩል የውጭ አገር ሽልማቶች ይሰለፋሉ። ይህን ከያዛችሁ የደበዘዘውን እንኳ ከጎረቤቱ ተነሥታችሁ መገመት ትችላላችሁ።

መኮንኖች በብዛት የሚሸለሟቸው አራት ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1769 የተመሠረተ፣ በጦር ሜዳ ጀግንነት ብቻ የሚገኝ፣ ነጭ ኢናሜል የተቀባ መስቀል ነው። ጥብጣቡ ጥቁርና ብርቱካናማ ዥንጉርጉር ነው። ነጭ ኢናሜሉን ልብ በሉ፤ ተመሳሳይ ቅርጽ ኖሮት ኢናሜል የሌለበት የብር ወይም የወርቅ መስቀል በ1807 ለወታደሮች የተመሠረተው ስለሆነ፣ መኮንን ደረት ላይ ከተገኘ ሰውዬው ከተራ ወታደርነት ተነሥቶ የተሾመ ወይም በበጎ ፈቃድ ወታደር ሆኖ ያገለገለ ነው ማለት ነው። ቅዱስ ቭላዲሚር በ1782 የተመሠረተ፣ ቀይ ሆኖ ጠርዙ ጥቁር የሆነ መስቀል ነው። ቅድስት አና ቀይ መስቀል ሆና በክንዶቿ መካከል የወርቅ ፍልፍል ሥራ አላት። ቅዱስ ስታኒስላቭ ከፖላንድ የመጣ ሲሆን፣ የመስቀሉ ክንዶች ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ በእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ድቡልቡል ፍሬ አለው፤ በክንዶቹ መካከልም ንስሮች ይታያሉ። የቅዱስ እንድርያስን፣ የቅዱስ አሌክሳንደር ኔቭስኪንና የነጭ ንስርን ኒሻን ከታላላቅ ጄኔራሎችና ከቤተ መንግሥት ሰዎች በቀር ስለማታገኟቸው እዚህ አልዘረዝራቸውም።

የተለመደው የሽልማት መሰላል ከስታኒስላቭ 3ኛ ደረጃ ተነሥቶ ወደ አና 3ኛ፣ ከዚያ አንገት ላይ ወደሚንጠለጠሉት ወደ ስታኒስላቭ 2ኛና ወደ አና 2ኛ፣ ከዚያ ወደ ቭላዲሚር 4ኛ ይወጣል። በመስቀሉ ላይ የተቆላለፉ ሁለት ሰይፎች ካሉ ሽልማቱ በጦርነት የተገኘ ነው፤ ሰይፉ ከሌለ የሰላም ጊዜ አገልግሎት ሽልማት ነው። የሰይፉ ደንብ የወጣው በ1855 ነው። የአና 4ኛ ደረጃ ግን ደረት ላይ አትፈለግም፤ እጀታው በሚታይ ሰይፍ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ቀይ ምልክት ስትሆን፣ ቀይ የሰይፍ ማንጠልጠያም አላት፤ ሩሲያውያን በቀይ ፍሬ ስም አቆላምጠው ይጠሯታል። ሰይፉ ፎቶግራፉ ውስጥ ካለ እጀታውን ሳታዩ አትለፉ።

የአና 1ኛ ደረጃን በተመለከተ አንድ ስህተቴን መናገር ይገባኛል፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ከዓመታት በፊት ከሐረር በመጣ የአንድ ጄኔራል ፎቶግራፍ ላይ ትልቁ ኮከብ በቀኝ ደረቱ ላይ ነበር። ኮከብ በግራ እንደሚደረግ ስለማውቅ «ፎቶግራፉ ተገልብጦ የታተመ ነው» ብዬ ለባለቤቱ ጽፌ ሰጠሁት፤ እሳቸውም በጽሑፌ ተመርተው ቅጂውን አስገልብጠው አሳተሙት። የአና 1ኛ ደረጃ ኮከብ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ በቀኝ ደረት እንደሚደረግ፣ ድጉም በግራ ትከሻ ላይ እንደሚያልፍ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ያን ጊዜ ሰይፉን ብመለከት ይበቃኝ ነበር፦ በግራ ዳሌው በኩል ተንጠልጥሎ ነበር፤ የተገለበጠ ቢሆን በቀኝ በኩል በታየ ነበር። ለባለቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልነው። ፎቶግራፍ ተገልብጧል ከማለት በፊት ሰይፉንም ትናንሾቹን መስቀሎችም አብራችሁ ተመልከቱ።

ለሐረር አንባቢ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። የሩሲያ ጦር ብዙ ሙስሊም መኮንኖችና ወታደሮች ነበሩት፤ ከካውካሰስም፣ ከታታሮችም ወገን። የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን መስቀል ለእነሱ መስጠት ስለማይገባ፣ ከ1844 ጀምሮ ክርስቲያን ላልሆኑ ተሸላሚዎች በቅዱሱ ሥዕል ፈንታ ባለ ሁለት ራስ ንስር ይቀረጽ ነበር። ስለዚህ በመስቀሉ መካከል ንስር ካያችሁ ሐሰተኛ ነው አትበሉ፤ ስለ ሰውዬው ሃይማኖት የሚነግራችሁ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ጥብጣቡን በቀለም መለየት ባይቻልም በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማንበብ ይቻላል፤ የዘመኑን የፎቶግራፍ መስተዋት ጠባይ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ኬሚካል ሰማያዊን እንደ ነጭ፣ ቀይንና ቢጫን ደግሞ እንደ ጥቁር ያወጣ ነበር። በመሆኑም የጊዮርጊስ ጥብጣብ ብርቱካናማው ጠቁሮ ከጥቁሩ ጋር ሊዋሐድ ይችላል። ቭላዲሚር ቀይና ጥቁር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። አና ቀይ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ስለሆነ ቢጫውም አብሮ ይጠቁራል። ስታኒስላቭ ግን ቀይ ሆኖ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመሮች ስላሉት ነጩ ጎልቶ ይወጣል። ሁለት ጥቁር የመሰሉ ጥብጣቦች ጎን ለጎን ተንጠልጥለው አንዱ ጠርዙ ነጭ ከሆነ ስታኒስላቭን አግኝታችኋል፤ ሌላው በቅርጹ ይለያል። ሰማያዊው የእንድርያስ ጥብጣብ ደግሞ ነጭ እስኪመስል ይነጣል።

ዓመት በመወሰን በኩል ሜዳዮች ከመስቀሎች ይበልጣሉ። በመኮንኖች ደረት ላይ በጣም የሚዘወተረው የሣልሳዊ አሌክሳንደር መታሰቢያ ነው፤ የንጉሡ መገለጫ ያለበት የብር ሜዳይ ሲሆን የተመሠረተው በ1896 ነው፤ የተሰጠውም በእሳቸው ዘመን፣ ከ1881 እስከ 1894 ላገለገሉ ነው። ዓይን በብርሃን ጨረር ውስጥ የተቀረጸበት ሜዳይ የጃፓኑ ጦርነት ሲሆን ከ1906 ወዲህ ነው። የሁለት ሰዎች ፊት ጎን ለጎን ያለበት የነሐስ ሜዳይ የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት 300ኛ ዓመት መታሰቢያ፣ የ1913 ነው። እሱ ካለበት ፎቶግራፍ የምኒልክ ዘመን እንግዳ የሚለው ወግ አብሮ አይሄድም።

በቀኝ ደረት ላይ በአበባ ጉንጉን ውስጥ ያለ የብር ንስር ካለ የጦር ትምህርት ከፍተኛ አካዳሚ ምልክት እንጂ ኒሻን አይደለም።

ጀርባውና ቀኑ

የካርቶኑ ጀርባ ብዙውን ጊዜ የፎቶ ቤቱን ከተማ ይዟል። ትንሹ ካርድ ወደ 6 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ ወደ 11 በ16 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ቃላት መጨረሻቸው ላይ የላቲኑን ትንሽ «ቢ» የሚመስል፣ አናቱ ወደ ግራ የታጠፈ ፊደል ከተደጋገመ፣ ከ1918ቱ የፊደል ማሻሻያ በፊት የተለመደው አጻጻፍ ነው።

በእጅ የተጻፈ ቀን ካለ አውሮፓዊ ነው ብላችሁ በቀጥታ አትለውጡ። ሩሲያ እስከ 1918 የምትጠቀመው አሮጌውን አቆጣጠር ነበር፤ ይህ አቆጣጠር ደግሞ ከእኛው ጋር በወርና በቀን አብሮ ይሄዳል። የእነሱ ዲሴምበር 25 የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፤ የእነሱ ኦገስት 29 የእኛ መስከረም 1 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ አንድ ቀን ይዛነፋል። የፈረንጁን ቀን ከፈለጋችሁ በ19ኛው ምዕተ ዓመት 12 ቀን ትጨምራላችሁ።

እንግዲህ የከዚራው ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ሲነበብ እንዲህ ወጣ። በፖጎኑ ላይ አንድ መስመር አለ፤ ኮከቡ በመጀመሪያ ሲታይ ሦስት ነው፤ የትከሻው ጥምዝ የሸፈነው አራተኛው ኮከብ በአጉሊ መነጽር ጫፉን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ጄኔራል አይደለም፤ ሽታብስ ካፒታን ነው። ቁጥሩ ሁለት አሃዝ ሲሆን የመጀመሪያው 1 ነው፤ ሁለተኛው በጥላ ተውጧል። ደረቱ ላይ አና 3ኛና ጠርዙ የነጣው ስታኒስላቭ 3ኛ አሉ፤ ሰይፍ የለባቸውም፤ ስለዚህ የተሸለመው በሰላም ጊዜ አገልግሎቱ ነው፤ ለማዕረጉም የሚስማማ ሽልማት ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የሣልሳዊ አሌክሳንደር ሜዳይ ስላለ ከ1896 ወዲህ የተነሣ ነው፤ ሰውዬውም ቢያንስ ከ1894 በፊት አገልግሎት የጀመረ ነው። በረድፉ መጨረሻ፣ በክንዱ በኩል፣ ከሩሲያ ኒሻኖች አንዱንም የማይመስል፣ በፍልፍል የተሠራ ባለ ጨረር ኮከብ አለ፤ የኢትዮጵያ ክብር ኮከብ ነው፤ በጥብጣቡ ላይ ሦስት የተለያየ ጥቁረት ያላቸው መስመሮች ይታያሉ። ፎቶግራፉ የተነሣው በሳንክት ፔተርቡርግ መሆኑን ጀርባው ይናገራል። ስለዚህ መኮንኑ ኒሻኑን ከእኛ ዘንድ ተሸልሞ፣ አገሩ ገብቶ ተነሥቶ፣ እንደገና ተመልሶ የመጣ ይመስላል።

ስሙ አልተጻፈበትም። የሩሲያ ጦር ሻምበሎቹንና ከዚያ በላይ ያሉትን በሹመት ቅደም ተከተል የሚዘረዝር መጽሐፍ ያሳትም ነበር፤ ሽልማቶቹም በውስጡ ይመዘገባሉ፤ የየመኮንኑ የአገልግሎት መዝገብ ደግሞ ሞስኮ በሚገኘው የሩሲያ መንግሥት ወታደራዊ ታሪክ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የእኛ ሰው በኋላ ሻምበል ሆኖ ከሆነ፣ በ1 የሚጀምር ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ካላቸው ክፍለ ጦሮች መካከል፣ አና 3ኛና ስታኒስላቭ 3ኛ ሰይፍ ሳይኖራቸው፣ ከኢትዮጵያ ኒሻን ጋር ያለው ሰው መፈለግ ነው የቀረው። «ጄኔራል ነው፣ ስሙን ፈልጉልኝ» ብለን ብንጽፍ ኖሮ መልሱ ከማይገኝበት መዝገብ ውስጥ እንፈልግ ነበር።

ከጀርባው ግርጌ ግን በእርሳስ፣ በሩሲያኛ፣ «ሐረር፣ 6 ጃንዋሪ 1899» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑን ወደ እኛው ስመልሰው ጥር 11 ቀን 1891 ዓ.ም. ሆነ። ለእመቤቲቱ ጄኔራል እንዳልነበረ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ቀኑን ሳነብላቸው ግን ፎቶግራፉን ከእጄ ተቀብለው «ጥምቀት ነው ብዬህ አልነበረም?» አሉኝ።